ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ዳቦ

መስከረም 24

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

ይህች ደብዳቤ ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ወገብዎም ሳያስቸግርዎት ታግኝዎት። እኛ አለን። ባለቤቴ አውቶቡሱን እየነዳ፣ እኔም የራሴን መኪና እየረገጥኩ ነው። የኔን መኪና ያውቁታል፤ ከክር ሌላ ነዳጅ አይጠይቅም።

ባለፈው ስለ ልጄ በስልክ ሲጠይቁኝ አድበስብሼ ያለፍኩት አጠገቤ ስለነበረች ነው። ፌንጣ ታማለች። ሆዷ እየተነፋ፣ እጅና እግሯ ግን እየቀጠነ ሄደ። ብዙ ተመላልሰን በመጨረሻ ሐኪሟ ነገሩን ደረሰበት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን የሚሉት ነገር ለአንጀቷ መርዝ ነው። መድኃኒቱ እሱን አለመብላት ብቻ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልኳን። "አይዞሽ፣ ሌላውን በደንብ ከበላች ታገግማለች" አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው።

አክስቴ፣ የቸገረኝ ይህ "በደንብ ከበላች" የሚለው ነው። ልጅቷ ምግብ ፈርታለች። ሳህኗ ለብቻ፣ ማንኪያዋ ለብቻ፣ ድስቷ ለብቻ ሲሆንባት ሆዷ ባባ። አንዴ ሁለቴ ጎርሳ "ጠገብኩ" ትላለች። እለምናለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ እቆጣለሁ፤ ወይ ፍንክች! ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ዳቧቸውን ሲያወጡ እሷ የምሳ ዕቃዋን እንኳን አትከፍትም። ፌንጣ ያልናት መዝለል ስለምትወድ አልነበር? አሁን ደረጃ ስትወጣ እጄን ትይዛለች።

ስለዚህ ወገቤን ታጥቄ ዳቦ መጋገር ልማር ተነሳሁ። የሩዝ ዱቄት፣ የማሽላ ዱቄት፣ የድንች ዱቄት እቀላቅላለሁ። የሚያያይዘው ስለሌለ ተልባ ፈጭቼ በሙቅ ውሃ እዘፈዝፍና እጨምርበታለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ የክሊኒኩ ነርስ ናት። ጣዕሙ ክፉ አይደለም። መልኩ ግን! የመጀመሪያውን ከምድጃ ሳወጣው ባለቤቴ አየት አደረገና "አጥር ልናጥር ነው እንዴ?" አለ። ጡብ ነው የሚመስለው። ፌንጣ አልሳቀችም። ዳር ዳሩን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ "ይሄ የበሽተኛ ዳቦ ነው" ብላ ገፋችው።

እንዲህ ያለ ዳቦ የሚሸጥ በአካባቢያችን የለም፤ አይቼ የምቀዳው አጣሁ። እኔ ደግሞ ያላየሁትን አልሰፋም፤ ያውቁኛል። ደንበኛ በአፏ ስትነግረኝ አይገባኝም፤ ፎቶውን ካመጣችልኝ ግን መቀሴ ራሱ መንገዱን ያገኛል። የነርሷን ልክ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምን ዓይነት መልክ እንዲኖረው እንደምፈልግ ግን አላውቅም።

"ለልጅሽ ምን ልላክላት" ብለው ነበር። ልብስም ጫማም ይቅር። የዳቦ ፎቶ ይላኩልኝ። ስልክዎ ከመደወል ሌላ ሙያ ስለሌለው በወረቀት ታትሞ ይሁን፤ ከስፌቱ ቀና ባልኩ ቁጥር እንዳየው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 20

ለባለ ወርቅ እጇ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ገብቶ እስከ ጓዳሽ ይድረስ። ለባልሽም ለፌንጣም አካፍያቸው። ወገቤ ስሙን ስለጠራሽው ነው መሰለኝ ትንሽ አጉረምርሞ ነበር፤ አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ አልበላም ሲል የእናት ጉሮሮ ነው የሚዘጋው፤ አንቺም መክሳትሽን ሳላይ አውቄዋለሁ። ለራስሽም ብዪ።

ለዚህ ጉዳይ ግን ከኔ የተሻለ ሰው አልነበረሽም። ሌላው ሰው የሱቅ መስኮት በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ያልፋል፤ እኔ እያንዳንዷን ጥግ በጨርቅ ተከትዬ ነው የማየው። መስታወታቸውን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ የዚህን መንገድ ሱቆች በሙሉ ከውጭ አውቃቸዋለሁ። አንዳቸውም ውስጥ ግን ገብቼ አላውቅም፤ በረጠበ ቦቲና ባልዲ ይዞ ማን ሰው ቤት ይገባል?

መታጠፊያው ላይ አንዲት ዳቦ ቤት አለች። በመስኮቷ፣ ከፍ ካለ እንጨት ላይ፣ አንድ ዳቦ ብቻውን ተቀምጧል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው። ቀለሙ ጥሩ ተደርጎ የተወለወለ ወንበር ይመስላል። ጉንጉኖቹ መሀል ላይ ወፈር ብለው ወደ ጫፍና ጫፉ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ከላዩ ደግሞ ስስ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ይህቺ ነገር ናት መቼም የጣለችኝ፤ የቸኮለ ሰው እንዲህ አይነሰንስም።

የሚገርምሽ፣ በሄድኩ ቁጥር ያው ነው። አንድ ቀን አይጠቁር፣ አንድ ቀን አይነጣ፣ አንድ ቀን አይጣመም። እንዲህ እጇ የጸና ጋጋሪ አይቼ አላውቅም። ፊቷን በሩቁ ብቻ ነው የማውቀው፤ ደልደል ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት።

ፎቶውን በጎረቤቴ ካሜራ ነው ያነሳሁት። የፎቶ ቤቱ ልጅ ሲያትመው "ዘመድዎት ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደብኝ። አዎ፣ የዘመዴ ነው አልኩት።

ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪላት። አንቺ ያየሽው ነገር ከእጅሽ አያመልጥም።

አክስትሽ


ኅዳር 17

ለአክስቴ፣ ለዓይኔ፣

ያሉበት ሁሉ ብርሃን ይሁንልዎ። ፎቶው ሳይታጠፍ ደረሰኝ፤ ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ደንበኞቼ "የማን ሞዴል ነው?" ይሉኛል። እኔም "አዲስ የመጣ ፋሽን ነው" እላቸዋለሁ።

ፌንጣ ፎቶውን ስታይ ምን እንዳደረገች ልንገርዎት። ወንበር ጎትታ ወጣችና አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ ለጠፈች። ከዚያ "እማ፣ እንደዚህ ያለ ይኖረኛል?" አለችኝ። ከታመመች ጀምሮ ምግብ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። እርስዎንም "እማማ መስታወት" ብላ ስም አውጥታልዎታለች።

ይኖርሻል አልኳት። አፌ ቀደመኝ።

አክስቴ፣ ይህ ሊጥ ከሰው ጋር አይስማማም። መጀመሪያ እንደ ስንዴው መሰለኝና አሸሁት፣ አሸሁት፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ይለጠጣል ብዬ ስጠብቅ እንደ ጭቃ እጄ ላይ ቀረ። ነርሷ ስትሰማ በሳቅ ሞተች፤ ለካ ማሸት አያስፈልገውም፣ የሚለጠጥ ነገር ከሌለው ምኑ ይታሻል? በውሃ ቀጠን ተደርጎ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ነው የሚገባው። እንዲያ ካደረግኩት ደግሞ ያው ጡቡ ነው። ውሃ ቀንሼ ላጠንክረው፣ ጉንጉን ልሥራ ስል ይቆራረጣል። በበሰበሰ ክር ሹሩባ ልሠራ እንደሞከርኩ ይቁጠሩት። ባለቤቴ የተበላሸውን ሁሉ ሳያጉረመርም ስለሚበላ ቀበቶው አልደርስ ብሎታል፤ ሱሪውን ያሰፋሁለት እኔው ነኝ።

ከቻሉ ሌላ ፎቶ ያንሱልኝ። ከጎኑ፣ ከላዩም። ጉንጉኑ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ማየት አለብኝ። ደግሞ የተቆረሰ ካለ ውስጡን።

የምትሳሳልዎት ልጅዎ


ታኅሣሥ 12

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። "እማማ መስታወት" የሚለውን ስም ተቀብያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በሌላ ብትጠሩኝ አልሰማም።

ፎቶዎቹ እነሆ። ከጎኑ ያለው ትንሽ አንጸባርቋል፤ ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም፣ እሱን እኔ ነኝ ያጸዳሁት። ከላይ ያለውን መሰላሌ ላይ ወጥቼ ነው ያነሳሁት። የተቆረሰ አላገኘሁም። እኔ በማልፍበት ሰዓት ማንም ሲገዛው አላየሁም፤ ዋጋው የሚቀመስ አይሆንም መሰለኝ።

ከመሰላሉ ሳልወርድ ዞር ስል ደግሞ የፊት ለፊቱን ቤት ጣሪያ አየሁ። በሸክላ የተከደነ ነው፤ አንዱ ሸክላ በሌላው ላይ እየተደረበ ሲወርድ ምን እንደሚያምር! ስንት ጊዜ እዚያ መሰላል ላይ ወጥቼ አይቼው አላውቅም። አንቺ ፎቶ ካዘዝሽኝ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ። ምን እንደሚጠቅምሽ አላውቅም፣ ግን እሱንም አንስቼልሻለሁ። አንዲት ከገመድ የተሠራች ወንበርም አለች።

ትዝ ይልሻል፣ ለእናትሽ ያንን ኮት ከአንዲት ብጣሽ ጋዜጣ ላይ አይተሽ የሰፋሽላት? ጀርባው በፎቶው ላይ አይታይም ነበር። ጀርባውን ከየት አመጣሽው ስልሽ "ፊቱ ነገረኝ" አልሽኝ። ይህቺን ንግግርሽን ለስንቱ አውርቼያታለሁ።

ዳቦውም ይነግርሻል።

እማማ መስታወት


ጥር 27

ልጄ፣

ሰላም ነሽ? መልስሽ ቀረብኝ። ፖስታው ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ስደውል ባልሽ አንስቶ "ደህና ናቸው፣ ወጣ ብለዋል" አለኝ። በዚያ ሰዓት ምን ብላችሁ ትወጣላችሁ? ሰውዬው መዋሸት አያውቅበትም።

ፎቶ ከፈለግሽ እልካለሁ። ካልፈለግሽ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ፣ "አለን" ብቻ በዪ።

አክስትሽ


የካቲት 9

ለአክስቴ፣

ስላሳሰብኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። አለን። ፌንጣ ግን ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ አሁን ወጥታለች።

ትምህርት ቤት ዳቦ ተለዋውጣ ነው። እኔ የጋገርኩላትን ጡብ ለአንዷ ጓደኛዋ ሰጥታ የእሷን የስንዴ ዳቦ ስትበላ ከርማለች። አንድ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ሆዷ እንደገና ተነፋ፣ ማስመለስ ጀመራት፣ አቅሟ አልቆ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ባለቤቴ የነዚያን ቀናት ነገር በስልክ እንዳይነግርዎት የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ከሩቅ ሆነው ምን ሊያደርጉ?

ስትሻላት "ለምን ልጄ?" አልኳት። ቁጣም አልነበረብኝ። "የእሷ ያምራላ" አለችኝ። ይህንን ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ነርሷም እኔም ልንመክራት ሞከርን። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ አንጀቷ ምን ገዷት? ያማረ ዳቦ ነው የምታየው። ጓደኛዋ ደግሞ የእኔን ዳቦ አንድ ጊዜ ነክሳ ለውሻ ነው የምትጥለው የነበረው። አክስቴ፣ ያ ነገር ቅስሜን ሰበረው።

ፎቶዎችዎ ሁሉ ደርሰውኛል። እስካሁን ከግድግዳው አላወረድኳቸውም። ሐኪሙ ክብደቷ እንዲህ ከቀጠለ አያድርስ የሚያሰኝ ነገር ነው የነገረኝ። ስለዚህ አሁን የምለምንዎት ፎቶ አይደለም። ቦቲዎን ጠርገው ይግቡና ጋጋሪዋን ይጠይቁልኝ፤ ያንን ጉንጉን እንዴት እንደምትሠራው፣ ያለ ስንዴ ይሆን እንደሆነ፣ ማንኛውንም የምታውቀውን ነገር። የማላውቃት ሴት ናት፤ ግን ያን ዳቦ ያቀናች ሴት ለልጅ አትጨክንም።

ልጅዎ


የካቲት 30

ልጄ፣ ልጄ፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ተዪው። ያንን ዳቦ ለመሥራት መልፋቱን ዛሬውኑ ተዪ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ቦቲዬን አውልቄ፣ የክት ጫማዬን አድርጌ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ጋጋሪዋ እንደ ደንበኛ ተቀበለችኝ። ስለ ፌንጣ ነገርኳት፣ ስላንቺም፣ ስለ ፎቶውም። ስትሰማ ስትሰማ የሰጠችኝ ፊት ግራ አጋባኝ። መጨረሻ ላይ እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና ዳቦውን አንስታ አቀበለችኝ።

ከበደኝ። ቀዝቃዛ ነው። በጥፍሯ ስታንኳኳው ቋ ቋ አለ።

ጄሶ ነው! ከጄሶ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ቫርኒሽ የተለቀለቀ ነው። የሠራው ሟች ባሏ ነው፤ የቤት ኮርኒስ የሚያስጌጥ ባለሙያ ነበር። መስኮቱን ፀሐይ ስለሚመታው እውነተኛ ዳቦ ከቀትር በኋላ እንደ ጣውላ ስለሚደርቅ ነው ያስቀመጡት። "እኔ ራሴ እንደዚህ ያለ ጋግሬ አላውቅም፤ እሱ እንደ ልቡ ያሰበው እንጂ በዱቄት የሚሆን አይደለም" አለችኝ።

ያ ስስ ዱቄት ያልኩሽስ? አቧራ ነው። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አቧራ ስጠርግ የኖርኩ ሴት፣ አቧራ አይቼ ዱቄት ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። ደግሞ "እንዲህ እጇ የጸና ጋጋሪ" ብዬ! ጄሶ ይጠቁራል ይነጣል ብዬ ኖሯል የጠበቅኩት።

ሴትዮዋ ደግ ናት። ነገሩ ሲገባኝ ወንበር አቀረበችልኝ። ያለ ስንዴ መጋገር ግን አታውቅም፤ ቤቷ ከወለል እስከ ጣሪያ የስንዴ ዱቄት ነው።

ልጄ፣ ልጅሽ እንዲያ ሆና ሳለ አንቺን በጄሶ አለፋሁሽ። የማይጋገር ነገር ጋግሪ ብዬ። ቀላሉን፣ ክቡን፣ ምንም ጉንጉን የሌለውን ሥሪላት፤ እኔ ደግሞ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።

ያዘነችልሽ አክስትሽ


መጋቢት 2

ለአክስቴ፣ ለእማማ መስታወት፣

ደስታ ያሳይዎት፣ እኔን እንዳሳዩኝ! የጋጋሪዋን መልስ ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልዎ፤ ካገኟትም ምስጋናዬን ይንገሩልኝ። በፖስታው ውስጥ ያለውን ፎቶ መጀመሪያ ይዩት። ይዩትና ይመለሱ።

አዩት? የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ላይ ቅጠል እየጠለፍኩ ነበር። ቀና ስል ዓይኔ ያረፈው ዳቦው ላይ ሳይሆን ያ የላኩልኝ የሸክላ ጣሪያ ላይ ነው። ሸክላው እኮ አልተጎነጎነም! አንዱ የሌላውን ጭራ ይሸፍናል፣ በቃ። ከሥር ምን እንዳለ ማን ያያል? ከዚያ ከመሰላል ያነሱትን የዳቦውን ፎቶ አየሁት፤ ከላይ ሲታይ ያው ነው፣ አንዱ ከቀኝ መጥቶ መሀል ይገባል፣ ሌላው ከግራ መጥቶ ይሸፍነዋል። እኔ ደግሞ ያንኑ ነገር በክር እየሠራሁት ነበር። ቅጠል ስንጠልፍ ከቀኝ አንድ፣ ከግራ አንድ እያደረግን መሀል ላይ አይደል የምናገናኘው? መርፌዬን እንደያዝኩ ጮህኩ። ቁጭ ብላ የምትጠብቀኝ ሙሽሪት ቀሚሷ የተቀደደ መስሏት ልቧ ቀጥ አለ።

ከወፍራም ጥጥ ጨርቅ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ከረጢት ሰፋሁ። ሊጡን እንደ ገንፎ ጠንከር አድርጌ ሞላሁበትና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እየጨመቅኩ አስተኛሁት። ከቀኝ ወፍራም ጠብታ፣ ጭራው ወደ መሀል ተስቦ፤ ከግራ ሌላ፣ የመጀመሪያውን ጭራ ሸፍኖ። መጎንጎን የለ፣ መለጠጥ የለ፣ መቆራረጥም የለ። መሀል ላይ ወፈር፣ ወደ ጫፉ ቀጠን አደረግኩት። ማሽላውን ጨመር ስላደረግኩበት ቀላ አለ፤ ላዩን ማር በገባበት የእንቁላል አስኳል ቀባሁት። ከምድጃው ሲወጣ ደግሞ ያችን እርስዎ የወደዷትን ስስ ዱቄት ሳልረሳ ነሰነስኩ። ልክ እንደ ፎቶው እንድትሆን ሦስቴ ነው ያራገፍኳት።

ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ሲያየው ኮፍያውን አወለቀ። ቀልድም አልወጣውም። "ይሄን አንቺ ነሽ?" ብቻ አለ።

ፌንጣን ጠራኋት። ግድግዳውን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች። "የኔ ነው? ማንም አይካፈለኝም?" አለች። እስኪበርድ ጠብቂ ስላት አጠገቡ ቁጭ ብላ እየዳሰሰች ጠበቀች። ከዚያ አንድ ቁራሽ ሙሉውን በላች። እየተለመነች አይደለም፤ እኔ እንዲያውም የምግብ ፍላጎቷን እንዳላባርርባት ፈርቼ ሌላ ክፍል ገብቼ በር ሥር ነበርኩ።

አንድ ቁራሽ ነው፣ አውቃለሁ። ነገ ትተወው ይሆናል። ግን ይህንን ያየሁት በእርስዎ ዓይን ስለሆነ ሳላድር ልንገርዎት ብዬ ነው። ጣሪያ አይቶ ለዳቦ ይሆናል ብሎ የሚልክ ሰው ከርስዎ ሌላ የት ይገኛል?

ልጅዎ


መጋቢት 26

ለእህቴ ልጅ፣ ለማላውቅሽ ልጄ፣

የማላውቅሽ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አውቅሻለሁ ብዬ ነበር፤ ይህንን ያህል ግን አላውቅሽም ኖሯል።

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የኔን ያገኘሽው ይህንን ከጻፍሽ በኋላ ስለሆነ ስንት እንደሳቅሽብኝ እያሰብኩ ነው። እኔ ግን ፎቶሽን ሳይ መጀመሪያ አልሳቅኩም። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የመንገደኛውን እጅ እየያዝኩ "የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው" አልኩ። ሰዎቹ እብድ መስያቸው ይሆናል፣ ግድ የለኝም።

በቀጥታ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ በቦቲዬ ነው የገባሁት። ጋጋሪዋ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከጄሶው አጠገብ ይዛ አንዴ ይህንን፣ አንዴ ያንን ታያለች። ከዚያ ዓይኗን እንባ ሞላው። "ባሌ ይህንን የሚጋግር ሰው ይገኛል ብሎ ይከራከረኝ ነበር፤ እኔ ነኝ አይሆንም የምለው" አለችኝ። ያለ ስንዴ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ወንበሩን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ከረጢቱን እንዴት እንደሰፋሽው ልትማር ትፈልጋለች። ስንዴ የማይስማማቸው ደንበኞች እየመጡ በባዶ እጃቸው ይመለሳሉ አለችኝ። ለብቻው ንጹሕ ክፍል ላዘጋጅ እያለች ነው። መልስሽን በጉጉት ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ መልእክተኛችሁ ሆኛለሁ።

ልጄ፣ እኔ ከውጭ ሆኜ ያየሁትን ውሸት አንቺ እውነት አደረግሽው። አይሆንም ያለሽ ሰው ስላልነበረ ነው ልበል? አይደለም፤ ብልሽም አትሰሚም ነበር። በሙያሽ ኮርቻለሁ፣ በእናትነትሽ የበለጠ ኮርቻለሁ። እህቴ ይህንን ባየች ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደስ አለኝ።

አሁን ስለ ፌንጣ ጻፊልኝ። ያቺ ቁራሽ ሁለተኛ አስከተለች ወይስ አላስከተለችም? ሌላውን ሁሉ ተዪና እሱን ብቻ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 21

ለውድ አክስቴ፣

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፣ ሳቁንም አብሮ። የጄሶውን ደብዳቤ ሳነብ ከወንበሬ ወርጄ ወለሉ ላይ ነው የሳቅኩት። አቧራ ነሰነስኩ እኮ! ያውም ሦስቴ አራግፌ! ባለቤቴ አሁን የቤቱን መደርደሪያ ጥረግ ስለው "ተዪው፣ ለዳቦ ይሆናል" ይለኛል። ይቅርታ ምናምን የሚሉትን ግን አልሰማዎትም። ጄሶ መሆኑን ባውቅ ኖሮ አንድ ቀንም አልሞክረውም ነበር።

ለፌንጣም አነበብኩላት። አዳመጠችና "እንግዲያው የማይበላው የእነሱ ነው ማለት ነው" አለች። እንዴት ያለ ደስታ ፊቷ ላይ እንደነበር! ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ተናግራለች። ያቺ ለውሻ ትጥል የነበረች ጓደኛዋ ቁራሽ ለምናት፣ "ትንሽ ብቻ" ብላ ሰጥታታለች።

ለጋጋሪዋ ከረጢቱን ራሱን ሰፍቼ ልኬላታለሁ፤ ከመግለጽ መስፋት ይቀለኛል። የሊጡ ልክ በተለየ ወረቀት አለ። ባሏን ነፍስ ይማር ይበሉልኝ። አይቼው የማላውቀው ሰው አስተማረኝ።

የጠየቁኝን ደግሞ እነሆ። ያቺ ቁራሽ ሁለተኛ አስከተለች። መጀመሪያ ዳቦውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከዳቦው ጋር ወጥ፣ ከዚያ ዳቦው ሳይኖርም ወጡን። ሐኪሙ ሲመዝናት ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ላይ አቆማት።

ትናንት ከሥራ ለሚገባው ባለቤቴ አንድ ዳቦ ሸፍኜ አስቀምጬ ነበር። ደንበኛ ሸኝቼ ስመለስ ፌንጣ ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥላ ግማሹን ጨርሳዋለች። ጉንጮቿ ተነፍተው ማላመጥ እንኳን አቅቷታል፣ እጇ ግን ሌላ ቁራሽ እየቆረሰ ነው። እኔም በንዴት "ኧረ በቃሽ! ለሰውም ተዪ እንጂ፣ ምን ዓይነት ሆዳም ልጅ ናት!" ብዬ ጮህኩባት። አኮረፈች፣ ወለሉን በእግሯ እየደበደበች ወጣች፤ ቁራሹን ግን ይዛው ነው የሄደችው።

እኔ ሽፋኑን ልመልስ እጄን ዘረጋሁና መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ያልኩት ነገር ለራሴ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው። ባለቤቴ ሲገባ የተረፈውን ዳቦ አቅፌ እያለቀስኩ አገኘኝና "ምን ሆናችሁ? ልጅቷ ምን ሆነች?" ብሎ ደነገጠ።

"በቃሽ አልኳት" አልኩት።

የምትወድዎት ልጅዎ